ከሁለት ሙት የተሠራ ባቡር

ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ዓሣ እጠብሳለሁ። ጾም ሲገባ ገበያዬ ይደራል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለመሪጌቶች ትቼ መጥበሴን እቀጥላለሁ። ይህን የምለው በቀላሉ የምደነግጥ ሴት አለመሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው። ዛር፣ ጥላ፣ ሟርት እያሉ የሚያወሩ ደንበኞች ሞልተውኛል። አዳምጣለሁ፣ ዓሣቸውን አቀርባለሁ፣ በሰላም እሸኛለሁ። የአጎቴን የሽታውን ባቡር ግን በዓይኔ አይቼ በእጄ ነክቼዋለሁ፤ እሱን ማንም እንዲያስተባብልብኝ አልፈቅድም።

ሽታው የእናቴ የመስታወት ታናሽ ወንድም ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለችው መንደራችን በወጣትነቱ ወጥቶ ድሬዳዋ ወረደና የባቡር ጥገና ቤት ገባ። ሥራው ቆርቆሮ ነበር። የተጨማደደውን ያቃናል፣ የበሰበሰውን ይቆርጣል፣ በቦታው አዲስ ላሜራ ይለጥፋል። ጡረታ ሲወጣ ሚስትም ልጅም ስላልነበረው ወደ እኛ መጣ፤ ከዓሣ ቤቴ ጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጠሁት። ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ከረጢት መሣሪያ ነው፤ ከረጢቱ ከሻንጣው ይከብድ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲናገርም ግማሹን ለራሱ ያስቀራል። እስከ ዛሬ ዓሣዬን ቀምሶልኝ አያውቅም፤ ዓይኑ ያየኛል ይላል።

ድሬዳዋ እንደ ሰነበተ ታናሻቸውን ትዕዛዙን አስከተለ። ትዕዛዙ ብረት መቀጥቀጥ አልሆነለትም፤ የባቡር ነጂ ሆነ። ጠዋት ከየጣቢያው ሠራተኛና ነጋዴ ሴቶችን ለቃቅሞ ከተማ የሚያስገባ፣ ማታ ወደየቤታቸው የሚመልስ የናፍጣ ባቡር ነበር፤ ዕድሜውን እሱን ሲነዳ ኖረ። ያ ሎኮሞቲቭ ደግሞ እንደ ሌላው አልነበረም። እርጅና ከጣላቸው ከሁለት ሎኮሞቲቮች የተሠራ ነው፤ የአንዱ ሞተር ደህና ሆኖ አካሉ በስብሷል፣ የሌላው አካል ደህና ሆኖ ሞተሩ ሞቷል። ሽታውና ጓደኞቹ ቆርጠው አንድ አደረጓቸው። አንዱ ወንድሟ የሠራውን ሌላው ወንድሟ መንዳቱ ለእናቴ ትልቅ ኩራት ነበር፤ ባቡር የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ ግን አታውቅም።

ኋላ ያ ባቡር ቆመ። ትዕዛዙ ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። አንድ ጊዜ ደውሎ ባሕር ማዶ ወደብ ላይ ሥራ አገኘሁ አለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ዓመት ዓመትን ተካ። በመሐል ጦርነቱ በእኛ ላይ አለፈ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ሰው ተበተነ፣ ተመልሶ ተሰበሰበ፤ የእሱ ወሬ ግን በየትም በኩል አልመጣም።

እናታቸው ስትሞት ትዕዛዙ ጡት አልጣለም ነበር። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እናቴ ናት፤ ከእኔ በፊት የወለደችው እሱን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በአንድ ሰኔ እናቴ ታመመች። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እሷ ግን አልተቀበለችውም።

«ያላለቀስኩለት ሰው አለኝ» አለችን፣ እኔንና ሽታውን አጠገቧ አስቀምጣ። «እሱ ነው ደረቴ ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ የከለከለኝ። አልቅሼለት ልሙት።»

ይህ ቀላል ልመና እንዳይመስላችሁ። በእኛ ዘንድ መርዶ ሳይመጣ አይለቀስም። በሕይወት ላለ ሰው ያለቀሰ መቃብሩን ቆፈረለት ማለት ነው። መሪጌታ ተክለ ሃይማኖትን ጠርተን ስንጠይቃቸው እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤተ ክርስቲያን የሞተን ትፈታለች፤ የጠፋን አትፈታም። ታገሡ» አሉን። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ካላለቀሰች በብሶት ልትሞትብን ነው፤ ካለቀሰች ደግሞ ምናልባት በሕይወት ያለ ወንድሟን ልትገድል ነው። በዚህ መሐል ነበር የተያዝነው።

ሌላም ችግር ነበረ። አርዲቦ ዙሪያ ሰው ሲሞት ዕቃው ለቅሶ ሜዳ ላይ ይወጣል። ፈረሰኛ ከነበረ ፈረሱ ተጭኖ ይዞራል፣ ጠመንጃ የነበረው ጠመንጃው ይያዝለታል፣ ሌላው ጋቢውና ዱላው። አልቃሽ ያንን እያየ ነው ዕንባው የሚመጣለት። ትዕዛዙ ልጅ ሆኖ ስለ ወጣ አንድ የተቀደደ ሸሚዝ እንኳ አልተወልንም።

«ፈረሱን እኔ እሠራዋለሁ» አለ ሽታው። «የእሱ ፈረስ ባቡሩ አይደል? ሠርቼ አስቀምጣለሁ፤ መርዶ የመጣ ቀን ይወጣል። እስከዚያ አንቺም መሞት የለም፣ እታለሜ።»

እናቴ እሺ አለች። ሽታው ሥራውን ሲያራዝመው ሳይ ገባኝ፤ ነገሩ ባቡር መሥራት ብቻ አልነበረም፣ እህቱን በተስፋ ማቆየት ነበር።

ባዶ የዘይት ቆርቆሮዬን ሁሉ ወሰደ። ንድፍ የለውም፤ መለኪያው የገዛ አካሉ ነው። «የበሩ እጀታ እዚህ ጋ ነበር» ይልና ደረቱን ይነካል፤ ከዚያ በጣቱ አሳንሶ ቆርቆሮው ላይ ምልክት ያደርጋል። ቆርቆሮውን ከጀርባው በሚስማር ጫፍ እየወጋ ከፊቱ የብሎን ራስ ያወጣለታል። መያዣዎቹን ከጃንጥላ ሽቦ፣ መስኮቱን ከውኃ ፕላስቲክ፣ እግሮቹን ባጃጅ ጋራዥ ከለቀመው ኩሽኔታ ሠራ። ብረት በከሰል አግሎ ስታኞ እያቀለጠ ያጣብቃል። ዝናቡ ጣራው ላይ ሲወርድ ከውስጥ የሚሰማው የሞረዱ ድምፅ ብቻ ነበር።

ሐምሌ ሳያልቅ ሁለት ሙሉ ሎኮሞቲቮች ጠረጴዛው ላይ ቆሙ። ክንድ ተስንዝር የሚሆኑ፣ ዓይን የማይጠግባቸው ነበሩ። አንዱን ለዓሣ ቤቴ መደርደሪያ ለመንኩት። መልስ አልሰጠኝም። በማግሥቱ ሁለቱንም ጓሮ አውጥቶ በመዶሻ ደበደባቸው፤ ከዚያም ዝናብ ላይ ተዋቸው።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ ግን?» አልኩት።

«ከሙት ነው የተሠራው» አለኝ። «ከደህና ቆርቆሮ ከሠራሁት ሌላ ባቡር ነው የሚሆነው።»

ክረምቱን ሙሉ ጓሮዬ ውስጥ ዛጉ። ልብስ ላሰጣ ስወጣ እንዳላያቸው ዓይኔን እመልስ ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ አስገብቶ ቆረጣቸው፤ የአንዱን ሆድ ከሌላው ጀርባ ጋር ገጠመ። እውነተኛው ላይ መጋጠሚያው ጥቂት ተዛንፎ ነበርና ያችን መዛነፍ እንኳ አስመስሎ ሠራት። ያቺ የስፌት መሥመር በቀለም ስር ሳይቀር ትታያለች፤ ጠባሳ ትመስላለች።

ኅዳር ሚካኤል ሰሞን አንድ ጠዋት ሻይ ይዤለት ስገባ ባቡሩ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። አገጩን በእጁ ይዟል።

«ወንበሩን ነክተሻል?»

ወንበር የሚለው በነጂው ክፍል ውስጥ ያለውን፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የቆርቆሮ መቀመጫ ነው። ትናንትና ወደ ፊት አድርጎ አጣብቋት ነበር። አሁን ወደ ኋላ ዞራለች።

«በምን እጄ?» አልኩት። «እዚያ ውስጥ የሚገባ ጣት የለኝም።»

ስታኞውን አቅልጦ መለሳት። እኔን ምስክር አድርጎ ክፍሉን ቆለፈ፤ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረ። በማግሥቱ አብረን ከፈትን። ወንበሯ ወደ ኋላ ዞራ ነበር። ይበልጥ የከፋኝ ስታኞው ነው፤ አልተላቀቀም፣ አልተሰነጠቀም። ከመጀመሪያውም እንዲያ ዞራ የተበየደች ትመስል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ባሰ። ከእግሮቹ ስር ደቃቅ ነጣ ያለ አሸዋ መገኘት ጀመረ። የሐይቅ አፈር ጥቁር ነው፤ እንዲህ ያለ አሸዋ በአካባቢያችን የለም። ሽታው በጣቱ አሸት አደረገና፣ «ሃዲድ ሲያንሸራትት ነጂ ከባቡሩ እግር ስር የሚያፈሰው አሸዋ ነው። እኔ ግን አላስገባሁበትም» አለ። ሌላ ቀን ማለዳ ጉም ከሐይቁ ተነሥቶ ከተማውን ሸፍኖ፣ እኔ በሁለት ጋቢ እየተንቀጠቀጥኩ፣ «ንኪው» አለኝ። የሞተሩን ክዳን ነካሁት። ይሞቃል፤ ከመንገድ የገባ በቅሎ ጀርባ ያህል ይሞቃል። በውስጡ ሞተር የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ ባዶ ቆርቆሮ ነው። እጄን ስመልስ ናፍጣ ሸተተኝ። ደንበኞቼም ዓሣሽ ናፍጣ ናፍጣ አለን ማለት ጀመሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጓሮ ብቻዬን መግባት ፈራሁ፤ አልዋሽም።

መሪጌታ መጥተው ጠበል ረጩበት። ጸሎታቸውን ከወትሮው አሳጠሩት። ሲወጡ በር ላይ ቆመው፣ «ዕቃው ክፋት የለበትም» አሉኝ። «ባዶ ግን አይደለም።»

እናቴ ይህን ሁሉ ከአልጋዋ ሆና ሰምታለች። ውሰዱኝ አለች። ደግፈን አስገባናት። እጇን ትኩሳት ያለው ሕፃን ግንባር ላይ እንደምታደርግ አድርጋ ክዳኑ ላይ አሳረፈችው፤ ብዙ ቆየች። ከዚያ አጎንብሳ በመስኮቱ ያችን ወንበር አየች።

«መጥቷል» አለች። «ሙት ካልሆነ በምን እጁ ይነካዋል? ፊቱንም ከእኛ አዙሯል። መርዶዬ ይኸው።»

«እታለሜ፣ የነገረን ሰው እኮ የለም» አለ ሽታው።

«ብረቱ ነገረን። ከብረቱ በላይ ማን ይንገረኝ?»

አጎቴ እንደዚያን ቀን አሳዝኖኝ አያውቅም። ለቅሶውን ለማቆየት የሠራው ባቡር ራሱ መርዶ ነጋሪ ሆነበት። ወጥቶ ጓሮ ቆመ።

በታኅሣሥ አንድ እሑድ አርዲቦ ወርደን አለቀስን። መሪጌታ አልመጡም፤ ፍትሐትም አልነበረም፤ ለቅሶው የእኛ ብቻ ነበር። ዘመድ ሁሉ ክብ ሠርቶ፣ ሽታው በክቡ መሐል ባቡሩን በሁለት እጁ ይዞ ፈረስ በሚዞርበት መንገድ ዞረ። አንዳንዱ በመጀመሪያ በነጠላው ስር ሳቀ፤ ባቡር ይዞ የሚያለቅስ አይተን አናውቅማ። አልቃሿ ግን ሥራዋን ታውቃለች፦

የሁሉም ፈረሱ ሣር በልቶ ሲነሣ፣
ያንተ ናፍጣ ጠጥቶ ጌታውን የረሳ።

ሳቁ ጠፋ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ያለ ደጋፊ ተነሣች፤ ደረቷን እየመታች በዓመታት ያጠራቀመችውን ሁሉ አወጣችው። እኔም አለቀስኩ። ሽታው ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር ቆም አለና ወደ እኔ ተጠጋ። «ቀዘቀዘ» አለኝ በሹክሹክታ። ነካሁት። እውነትም ቀዝቅዟል።

ከዚያ ለቅሶ በኋላ እናቴ ዳነች። በላች፣ ተኛች፣ ከአልጋዋ ወረደች፤ ጥር ሲገባ የሽንኩርት አከታተፍሽ አያምርም ተብዬ መሰደብ ጀመርኩ። ባቡሩ ደግሞ ዳግመኛ አልሞቀም። አሸዋ የለም፣ ሽታ የለም። ወንበሯ ብቻ እንደ ዞረች ቀረች፤ ሽታውም ሊመልሳት አልደፈረም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በአንድ ቀትር ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ደጃፌ ቆመ። አንድ ሽበታም ሰው ትንሽ ቦርሳ ይዞ ወረደና ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። «ሕይወት ነሽ?» አለኝ። «ትዕዛዙ ነኝ፤ አጎትሽ።»

እጁን ጨበጥኩት። ከማቀዝቀዣ እንደ ወጣ ዓሣ ይቀዘቅዛል። ዓሣ ጠባሽ ነኝና ያን ቅዝቃዜ አውቀዋለሁ። ጩኸት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ወደ ጓሮ መራሁት፤ ሽታው ሲያየው ሞረዱን ጣለና ግድግዳ ተደገፈ። ተቃቅፈው ቆሙ፤ ከዚያ ሽታው እጆቹን ይዞ ማሸት ጀመረ።

«አይሞቅም፤ አትድከም» አለው ትዕዛዙ። «በታኅሣሥ አንድ እሑድ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበርኩ። ፀሐይ አናቴ ላይ ሆና ድንገት በረደኝ። ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።»

ሽታው ቀና ብሎ አየኝ። ትዕዛዙ ዘወር ሲል ባቡሩን አየው፤ መጋጠሚያዋን በጣቱ ዳሰሰና ፊቱ በራ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ሲያይ ግን ደነገጠ።

«ወንበሩን እንዲህ ማድረግ ማን ነገረህ?»

«ማንም» አለ ሽታው። «እኔ ወደ ፊት ነበር ያደረግሁት። ጥገና ቤት ሲገባ ሁልጊዜ ወደ ፊት ነበር።»

«ጥገና ቤት ስትገባ አዎ። መጨረሻው ጣቢያ ላይ ግን ባቡር ማዞሪያ አልነበረም። ማታ ስመለስ ሎኮሞቲቩ ሳይዞር በጀርባው ነበር የምነዳው፤ ስለዚህ ወንበሩን ገልብጬ እቀመጣለሁ። ወንበሩ ወደ ኋላ ከዞረ፣ ወደ ቤት እየገባሁ ነው ማለት ነው። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል እያልኩ ነው ይህን ያህል ዘመን ዝም ያልኩት። በኅዳር ሚካኤል ግን ባዶም ቢሆን እገባለሁ ብዬ ተነሣሁ። በየመንገዱ ባረፍኩበት ሁሉ በሕልሜ ስነዳ ነው ያደርኩት።»

ሽታው መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ «እየመጣህ ነበር» አለ። «እየመጣህ እያለ ነው ያለቀስንልህ።»

እናቴ ያኔ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ትዕዛዙ እግሯ ላይ ሊወድቅ ተንደረደረ። እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«እንግዳው ማነው?» አለች። «የሚበላ ነገር ስጪው እንጂ፤ ከሩቅ የመጣ ይመስላል።»

ዓይኗ ደክሞ ይሆናል ብለን ስሙን ነገርናት። «ወንድሜን አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለችና ወጣች። እንደዚያን ቀን በእናቴ ተናድጄ አላውቅም። ቀናት አለፉ፤ እንግዳው እያለች እግሩን ታሳጥበዋለች፣ የተሻለውን ቁራሽ ታቀርብለታለች፣ ስሙን ግን አትጠራም። አርዲቦ ያለቀሱለት ዘመዶች ወሬውን ሰምተው ሊያዩት መጡ፤ እጁን ሲጨብጡ አማተቡ፣ አንዷማ ተሳስታ «ነፍስ ይ…» ብላ ጀምራ ነው የዋጠችው።

አንድ አመሻሽ ላይ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ትዕዛዙ ሄዶ እግሯ ስር ተንበረከከ። እኔ ከምድጃው ጋ ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«እታለሜ፣ ምን አጠፋሁ?»

እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። «አንተ መሆንህን ከመኪናው ስትወርድ አውቄያለሁ» አለችው። «ያዘልኩት እግር ይጠፋኛል? ግን ስማኝ፣ የኔ ሆድ። አንድ ለቅሶ ነበረኝ፤ አወጣሁት። አሁን አለህ ካልኩ እንደገና ልፈራልህ ነው። እንደገና በር ላዳምጥ፣ መኪና በቆመ ቁጥር ልነሣ ነው። ሁለተኛ አልችለውም። እኔ እስክሄድ ሙት ሁንልኝ። ከዚያ ኑር።»

ትዕዛዙ ጉልበቷን ሳመ። «እሺ» አላት። እሷም ሰፌዷን አንሥታ ምስሯን ቀጠለች።

ሽታው በማግሥቱ ባቡሩን ሊሰብረው መዶሻ አነሣ፤ ትዕዛዙ እጁን ያዘው፤ ከዚህ ሌላ ምን አለኝ አለው። አሁን ሁለቱ በዚያች ክፍል አብረው ይኖራሉ። ትዕዛዙ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርዶ ዓሣ ይገዛልኛል፣ ያጸዳልኛል። በሞቃት ቀንም ጋቢ አይለየውም፤ ምድጃዬ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። የማያውቀው ተሳፋሪ፣ የቤቱ ሰው ነህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ አይ እንግዳ ነኝ ይላል። እናቴ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየበረታች ሄደች። ማኅበር ትጠጣለች፣ ዳገት ትወጣለች፣ ሐኪሙ ራሱ ተገርሟል።

ባለፈው ሰሞን ንዴቴ መጣ። ጠዋት ነበር፤ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በአስፋልቱ ማዶ ትታየናለች፣ ባጃጁን ሁሉ አስቁማ እየተቆጣች ትሻገራለች። ትዕዛዙ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ያያታል።

«ጋሼ» አልኩት፣ «እስከ መቼ ነው እንዲህ ሞተህ የምትኖረው?»

«እሷ እስካለች» አለኝ፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሣ። «ዕድሜ ይስጣት።»